ቅቤው በማን እጅ ነው?

የሐምሌ በረዶ ጉና ላይ ሲወርድ ባለጠጋና ድሀ አይለይም፤ ያገኘውን ይቀጠቅጣል። ወይዘሮ ፈንታነሽን ከክምር ድንጋይ ገበያ ድንች ሸጠው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያዛቸው። ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ደርበው፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሚሮጠው ሩጫ እየሮጡ ከሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ገቡ። እዚያ አንዲት ወጣት ሴት ቀድማ ተጠልላ ኖሮ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ክምር እንዳቀፈች ብድግ አለች።

«ኖር እማማ! እዚህ ጋ ይቀመጡ፤ አያፈስም።»

«በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ? ለአገሩ እንግዳ ትመስያለሽ።»

«የአንበሳሜ ልጅ ነኝ፤ ቃልኪዳን እባላለሁ። ደብረ ታቦር አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አዋላጆችንም አስተምራለሁ።»

«ታዲያ የአንበሳሜ ልጅ በዚህ ዝናብ እዚህ ምን ትሠራለች? መቸም ድንች ልትነግድ አልመጣሽም።»

ቃልኪዳን ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። ማልቀስ ስትፈልግ ሥራዋን የምታወራ ዓይነት ሴት ናት።

«ነፍሰ ጡሮችን ልጠይቅ ነው የምመላለሰው፤ ልጃቸውን እንዴት ሊያጠቡ እንዳሰቡ። መጠይቁ በሰው አገር የተሠራ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስሁት። ከተማሪዎቼ ጋር አርባ ሴቶች ጠየቅን። አርባውም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ ጡት ብቻ እናጠባለን አሉ። ከወለዱ በኋላ ቤታቸው ብንሄድ ሠላሳ አንዱን ሕፃን ቅቤ ልሶ አገኘነው። ዛሬ ደግሞ አንዱን ሕፃን ላየው ብሄድ ተቀብሮ ደረስሁ። በጉንፋን ይሙት፣ በሌላ ይሙት አላውቅም። እናቱ ግን 'በጣም እስማማለሁ' ካሉኝ አንዷ ናት። እንግዲህ ወይ ወረቀቴ ዋሽቷል፣ ወይ ሴቶቹ ዋሽተውኛል።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሌላውን ሁሉ በሐዘን ሰምተው የመጨረሻይቱ ቃል ላይ ሲደርሱ ቱግ አሉ። «የጉና ሴት አትዋሽም! እስቲ አንብቢልኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

ቃልኪዳን ላስቲኩን ፈታ አነበበች። «'ልጄ አንድ ወር ሲሞላው፣ ሌላ ምንም ምግብ ሳልሰጥ፣ ጡቴን ብቻ ለማጥባት አቅጃለሁ።' ከዚያ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም ከሚለው አንዱን ይመርጣሉ።»

«ምነው ሸዋ!» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ጉንጫቸውን ይዘው። «ማርያም በሽልም ታውጣት አታውጣት ያልታወቀች ሴት፣ ልጄ አንድ ወር ሲሞላው እያለች ታቅዳለች? ይህን በአፏ ከጠራችው ዓይን አይበላውም? እስማማለሁ ያሉሽ ቶሎ እንድትለቂያቸው ነው።»

«እሺ፣ ይህ ይሁን። ጡት ብቻ ማለታቸውስ?»

«ጡት ብቻ ነዋ የሚያጠቡ! ቅቤ ምግብ ነው እንዴ? ቅቤ አንጀት ማለስለሻ ነው፤ ድምፅም ያሳምራል። እኔንም ብትጠይቂኝ ጡት ብቻ ነው የምልሽ፣ በመስቀሉ እየማልሁ።»

ቃልኪዳን እስክሪብቶ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ሦስት ወር ሙሉ ከመምህራን ጋር ስትከራከርበት የከረመችው ወረቀት፣ ማንበብ በማይችሉ ሴት በሁለት ቃል ፈረሰ። ወይዘሮ ፈንታነሽም ስትጽፍ ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ የተማረን ሰው ማስተማር የማይጣፍጠው ማን አለ?

«ሦስተኛውን ልንገርሽ። ምራቴ ስመኝ ወሯ ገብቷል። አንቺ እሷን ትጠይቂያለሽ። ቅቤው ግን በማን እጅ ነው? በኔ! ሕፃኑን ተቀብዬ ለጋ ቅቤ የማልሰው እኔ፣ እንገሩን መሬት ላይ የማልበው እኔ። እናቲቱማ አራስ ናት፤ ማን ይጠይቃታል?»

«እንገሩ ምን አደረገ እማማ?»

«ቢጫውን ውፍር ያለ ነገር አላየሽም? ዘጠኝ ወር ጡት ውስጥ የከረመ ወተት ነው። ዘጠኝ ወር ተቀምጦ የማይበላሽ ምን አለ? ሆድ ይነፋል፣ ቁርጠት ያመጣል።»

«በግ አለዎት?»

«ጉና ላይ በግ የሌለው ማን ነው?»

«የበግዎንም እንገር መሬት ላይ ያልባሉ?»

«ወግጂ!» ወይዘሮ ፈንታነሽ ሳቁ። «እንገሩን ያልጠባ ግልገል እዚህ ብርድ ላይ አንድ ሌሊት አያድርም። እናቲቱ እንቢ ብትል እንኳ በጉልበቴ ይዤ አፉን ከጡቷ እከታለሁ። ያቺ ቢጫ ወተት እኮ ናት...»

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። «ነፍሱን የምታቆመው» ሊሉ ነበር፤ አላሉትም። በረዶው ቆርቆሮውን ይወግራል። 

«ኤዲያ!» አሉ በመጨረሻ። «ሰውና በግ አንድ ነው? በግ ክርስትና አይነሣም።»

«እውነትዎን ነው፤ በግ ክርስትና አይነሣም።»

ይህ መልስ ለምን ልባቸውን እንደወጋው ቃልኪዳን ልታውቅ አትችልም። የስመኝ ሁለት ወንዶች ልጆች አርባ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ ነው የሞቱት። ፍትሐት አልተደረገላቸውም፤ የተቀበሩትም ከቅጥሩ ውጭ ነው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ገበያ ሲወርዱም ሲመለሱም በዚያ በኩል አያልፉም፤ መንገድ ቢረዝምባቸውም ይዞራሉ።

«ሁለት የልጅ ልጆች ነበሩኝ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ። «አንዱ በዘጠነኛው ቀን፣ አንዱ በአሥራ ስድስተኛው። ሆዳቸው ይነፋና ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ዕድል አልነበራቸውም።»

«ቅቤ ልሰው ነበር?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ተነሡ። «ገደልሽ በይኛ! ለምን ዙሪያ ጥምጥም ትሄጃለሽ? እኔ ፈንታነሽ ስድስት ወልጄ አራት ያሳደግሁ፣ ሁሉንም ቅቤ አልሼ ያሳደግሁ!»

«ገደሉ አላልሁም። ያላየሁትን ሞት ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልምልም፤ ቅቤ ልሰው ያደጉም ብዙ ናቸው። የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ። ያ ቢጫ ወተት የተበላሸ አይደለም። ሕፃኑ ከበሽታ የሚጋረድበት የመጀመሪያ ጋሻው ነው፤ ሆዱንም የሚያጥብለት እሱ ነው። ቅቤው ግን በስንት እጅ አልፎ፣ በቅል ውስጥ ስንት ቀን ሰንብቶ ይመጣል? የሕፃን አንጀት ያንን አይችልም። በቅቤና በውሃ የጠገበ ሕፃን ደግሞ አይጠባም፤ ያልተጠባ ጡት አያግትም። ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ውሃ እንኳ አይቅመስ። እኔ የተማርሁት ይህን ነው።»

«የተማርሽው ገና ትናንት ነው!» ብለው በረዶው ሳያባራ ወጡ።

መንገዱን ሁሉ ልጅቱን ሲሰድቡ ሄዱ። ከስድቡ መካከል ግን አንድ ነገር ብቅ ይልባቸው ነበር፤ ቃልኪዳን አለመማሏ። ገደሉ ብትላቸው ኖሮ ባለጌ ብለው ያርፉ ነበር። አላውቅም ያለ ሰው ግን ምን ይባላል?

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ወርቁ ወንፈል ሄዷል። ስመኝ ሆዷን ታቅፋ ገብስ ትለቅማለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋን የጎረቤት ሰው ለይቶ አያውቀውም።

«ስመኝ፣ ጤና ኬላ ስትሄጂ በወረቀት የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«አዎ እማዬ፤ አንዲት ተማሪ።»

«ምን አልሻት?»

«በጣም እስማማለሁ አልኋት።»

«በምኑ?»

«እንጃ። ሴቱ ሁሉ እንዲያ ሲል ሰማሁ። እኔ ሌላ ብልስ ምን ይረባል? የሚሆነው አንቱ እንዳሉት ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ እርጥብ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መደብ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያስ እኔ ልጠይቅሽ። ያለፉት ሁለቱ ሲወለዱ ቅቤ ሳልስ፣ እንገርሽን ሳልብ፣ ልብሽ ምን ይልሽ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«አንቱ እንዳሉ ነው እማዬ።»

«የኔን አልጠየቅሁሽም!»

ስመኝ ደነገጠችና ገብሱን ትለቅም ጀመር። ብዙ ለቀመች። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ሁለተኛው ጊዜ... ጡቴ ሞልቶ አንቱ መሬት ላይ ሲያልቡኝ፣ ልጁ ጭኔ ላይ ነበር። ወተቱ ሸተተው መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ወደዚያ ይዞር ነበር። አንቱ በጣትዎ ቅቤ ሲያስገቡለት ይተፋና እንደገና ይዞራል። ሦስት ጊዜ ዞረ። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልሁ። አሁንም ተኝቼ ሲዞር አየዋለሁ።»

 እውነት ነበር፤ ዞሯል። ወይዘሮ ፈንታነሽም አይተዋል። አይተውም «ዓይኑ አፋር ነው፣ ብርሃን ሸሸ» ብለው ነበር። ያን ዕለት ይህች ልጅ አንድ ቃል ብትናገር ምን ይሏት ነበር? «አፍሽን ያዥ» ይሏታል። ያውቁታል። ሰው ሁሉ እሺ የሚልበት ቤት የተስማማ ቤት ይመስላል፤ ስንቱ እሺ ግን የተነከሰ ነጠላ ነው! ይህን የትኛውም መጠይቅ አይነግረንም፤ ጠያቂው ራሱ የሚፈራው ሰው ካልሆነ በቀር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«አልጠየቁኝማ።»

ከዚህ በኋላ አሮጊቷ ከአንጀታቸው አለቀሱ። ሁለቱ ልጆች ሲሞቱ እንዲህ አላለቀሱም፤ ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ብዙ አይለቀስም ተብሎ ተከልክለው ነበርና።

በማግሥቱ ቃልኪዳንን እንዲጠራ ወርቁን ወደ ታች፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሰደዱት። ቃልኪዳን ለመሰደብ ተዘጋጅታ መጣች። ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን ይቅርታ መጠየቅ የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ድንች ቀቅለው አቀረቡና «ወረቀትሽን አውጪ፤ እናበጀው» አሉ።

«እሺ እማማ፤ ከየት እንጀምር?»

«'አቅጃለሁ' የምትለዋን አጥፊያት። 'እመቤታችን በሰላም ከገላገለችሽ' ብለሽ ጀምሪ። ያን ጊዜ ሴቲቱ አሜን ትላለች፤ አሜን ካለች በኋላ አፏ ይፈታል። ቀጥሎ 'ሌላ ምግብ' አትበዪ። በስሙ ጥሪው፤ ቅቤ፣ ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ። እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቂ። እንገሩንም 'ታጠቢዋለሽ ወይስ ይታለባል?' በያት።»

«አምስቱ መልስስ?»

«ሰው ለአንድ ነገር አምስት ልብ የለውም። ሁለት ይበቃል፤ አደርጋለሁ፣ አላደርግም።» ስመኝን አየት አደረጉና ቃላቸውን አስተካከሉ። «የለም፣ ሦስት ነው። 'ቢተዉኝ አደርግ ነበር' የሚል ጨምሪበት።»

የቃልኪዳን እስክሪብቶ ቆመ። «በዚያ በሰው አገር ይህ መልስ የለም። እዚያ እናቲቱ ጡት ወይስ ጡጦ ብላ ራሷ ነው የምትመርጠው። እኔም የእናቲቱን ሐሳብ ካወቅሁ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ቃሉን መለስሁ እንጂ ቤቱን አላየሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔን ጥፋት ሳንነካ ያንቺን አታስቀድሚ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ደግሞ ለአማቲቱ የብቻዋ ወረቀት አዘጋጂላት። ምራቲቱ በሌለችበት ጠይቂያት። መጀመሪያ 'ስንት የልጅ ልጅ ቅቤ አላስሽ?' በያት። ቀጥለሽ 'ከነሱ ውስጥ ስንቱ አለ?'»

«ይህ በጣም ያምማል እማማ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ልጽፍ አልችልም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንቺ ካልቻልሽ እኔ እጠይቃለሁ።»

ስመኝ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አማጠች። ወርቁና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ሴት ልጅም ተገላገለች። አብረው የሄዱት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ቅል አወጡ። ለጋ ቅቤ ነው፤ የመጣው በፍቅር ነው፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ መመለሱ እንዴት በቀለለ!

«እጅሽን መልሽ አልማዝ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«ምን ነካሽ? በደረቅ አንጀት ልትጠባ ነው?»

«በዚህ ጣቴ ሁለት አልሼ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ቅቤው ይሁን ዕድላቸው ይሁን አንድዬ ያውቃል። እንገሩን የከለከልኋቸው ግን እኔ ነኝ። ይህችን አልከለክላትም።»

ሕፃኗ የእናቷ ደረት ላይ ተደረገች። ትንሽ ፈለገች፣ አገኘች፣ ያዘች። ስመኝ አማቷን አየች፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሁን ሁሉ ነገር ቀና ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። ሕፃኗ በተነጫነጨች ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ «አንጀቷ ደርቆ ነው» ይላል። በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ ፈንታነሽ እህል አልቀመሱም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሕፃኗ ትኩስ ትኩስ ስትል ቅቤው ዘንድ ሄደው ቅሉን ካነሡ በኋላ መልሰው አስቀመጡት፤ ልጅቱን አዝለው፣ ስመኝን አስከትለው ጤና ጣቢያ ወረዱ። ቀላል ጉንፋን ነው ተባለ። ዕውቀት ሰውን ወዲያው ደፋር አያደርገውም፤ እየፈራ እንዲያደርግ ብቻ ያደርገዋል።

ጥቅምት መጨረሻ ሰማንያ ቀን ሞላትና ክርስትና ተነሣች። ደግሰው ሰው ጠሩ። ቃልኪዳንም አዲሱን መጠይቅ ይዛ መጣች። ምሳ ከተበላ በኋላ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከተጠሩት አማቶች መካከል ተነሥተው ቆሙ። 

«እኅቶቼ፣ ይህች አዋላጅ ካደግንባቸው ልማዶች አንዱን እንድንተው ትለምነናለች። ጥቅሙን ነግራኛለች፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። እንገር የጠባች ሕፃን ሆዷ አልተነፋም፤ የእናቷ ጡት ሳይደርቅ እያገተ ነው፤ ከጡት በቀር ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ክብደቷ ጨምሯል። እስከ ስድስት ወር እንዲሁ እናደርጋታለን። ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ይሁን፤ እሷ ስትበላ ልጇም ታገኛለች። ይህን ካልሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእኔ ልጀምር፤ እኔ ቅቤ ካላስኋቸው የልጅ ልጆች ሁለቱ የሉም። የእናንተስ?»

 «የክርስትና ቀን ሞት ይቆጠራል?» ብሎ ያጉረመረመ ነበር። ቃልኪዳን አቀርቅራ ወረቀቷን ታያለች፤ ይህን ጥያቄ በመጠይቁ ውስጥ አላስገባችውም ነበር። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «አንድ» አሉ። ሌላይቱ «ሁለት። ሦስተኛውን የወሰደው ቅቤው አይደለም፤ ኩፍኝ ነው» አሉ። ሦስተኛዋ ሁለት ጣታቸውን አወጡ። ከግድግዳው ሥር የቆሙት ምራቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። በዚያ አገር ለእነዚያ ሕፃናት በአደባባይ ሲለቀስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወይዘሮ አልማዝ ምራታቸውን አየት አደረጉ። «አራት» አሉ። «አራት ናቸው» ብለው ደገሙት፤ እሳቸው ራሳቸው ገና አሁን የሰሙት ይመስል።

የወይዘሮ አልማዝ ምራት ውዴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከአራቱ ሦስቱ የእሷ ነበሩ። ቃልኪዳን ወደ እሷ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። «እመቤታችን በሰላም ከገላገለችሽ፣ ልጅሽ እንገርሽን ይጠባል ወይስ ይታለባል?»

ውዴ እንደ ልማዷ አማቷን ለማየት ዞረች። ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

«ይጠባል» አለች። «ቅቤም፣ ውሃም አይቀምስም። እኔ ነኝ የማጠባው።»

ቃልኪዳን እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ተመለከተች፤ ቤቱም ሁሉ ተመለከታቸው። ወይዘሮ አልማዝ በመዳፋቸው ፊታቸውን አበሱ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሉ። «ጻፊላት እንጂ!»